ለአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኃላፊዎች፦ ማስጠንቀቂያው ልክና መጠን ይኑረው

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ጎርፍ፣ ዐውሎ ነፋስ ወይም ለቀናት የሚዘልቅ የመብራት መቋረጥ ሲያሰጋ መሥሪያ ቤታችሁ ኅብረተሰቡ አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያሳስባል። ማሳሰቢያው በጊዜው መውጣቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የሰማው ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ ስንት ሊትር ውኃ መያዝ፣ ጀነሬተሩን ከመስኮቱ ስንት ሜትር ማራቅ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ምግብ እስከ ስንት ሰዓት ማመን እንዳለበት አያውቅም። የምጠይቃችሁ ማስጠንቀቂያችሁ እነዚህን ልኮች ይዞ እንዲወጣ ነው።

ይህን አጥብቄ የምጠይቀው የአደጋ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በቤተሰብ እጅ ስለሚወድቁ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17 ቀን 1995 ጃፓን ውስጥ ኮቤንና አካባቢዋን ርዕደ መሬት በመታ ጊዜ፣ ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት ከወጡት ሰዎች አብዛኞቹን ያወጧቸው የገዛ ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ።

ውኃን እንመልከት። ለመጠጥና ለመጠነኛ ንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን ወደ 4 ሊትር ይታሰባል፤ ዝቅተኛው ዝግጅትም የሦስት ቀን ነው። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ይህ 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ባለ20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል፤ እንዲህ ተለክቶ የተነገረውን ነገር ብዙ ሰው ዛሬውኑ ሊያደርገው ይችላል። ንጽሕናው ያጠራጠረ ውኃ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ደግሞ ለ3 ደቂቃ መፍላት እንዳለበት፣ ነዳጅ ወይም ኬሚካል የገባበትን ውኃ ግን ማፍላት እንደማያጸዳው አብሮ ይነገር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ከጀነሬተርና ከከሰል የሚወጣው ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ጀነሬተሩ ዝናብ እንዳይነካው በረንዳ ላይ፣ ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ ድምፁ እንዳይረብሽ መስኮቱ ይዘጋል፤ ጋዙ ግን በስንጥቁ ሁሉ ይገባል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያም ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ ቤተሰቡ የቀኑ ድካም ነው ብሎ ይተኛል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት በብርቱ ቅዝቃዜ መካከል መብራት ለቀናት በጠፋ ጊዜ፣ ለመሞቅ ብለው ጋራዥ ውስጥ መኪና ያስነሱና ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ሞተዋል። ጀነሬተር ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ከቤት ውጭ እንዲሠራ የሚያዝዝ አንድ ዓረፍተ ነገር በየማስጠንቀቂያው ቢገባ ነፍስ ያድናል። ጀነሬተርን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ጋር ማገናኘትም ኃይሉን ወደ መስመሩ መልሶ ስለሚልክ፣ ብልሽቱን ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ምግብን በተመለከተ መልእክቱ አጭር ነው፦ ሳይከፈት የቆየ ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜውን ለ4 ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ለ48 ሰዓት ያህል ይይዛል። የመድኃኒቱ ጉዳይ ግን ከዚህ ይከብዳል። ኢንሱሊን ሙቀት እንደሚጎዳው ሁሉ በረዶ ከሠራም ይበላሻል፤ ስለዚህ ደንግጦ በቀጥታ በረዶ ላይ የሚያስቀምጠው ሰው መድኃኒቱን ለማዳን ሲል ያጠፋዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ የሚጠቀም ሕሙም ያለበት ቤት ደግሞ በራሱ ዝግጅት ብቻ ሊወጣው አይችልም።

መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2015 በጃፓኗ ሰንዳይ ከተማ የተቀበሉት እስከ 2030 የሚዘልቀው የአደጋ ስጋት ቅነሳ ማዕቀፍ፣ ሕዝቡ የቅድመ ማስጠንቀቂያና የአደጋ ስጋት መረጃ በስፋት እንዲያገኝ ማድረግን ከሰባቱ ግቦቹ አንዱ አድርጎታል። በዚሁ መንፈስ ከላይ የጠቀስኳቸውን ልኮች የያዘ፣ ቁም ሣጥን በር ላይ የሚለጠፍ አንድ ገጽ ለየቤቱ እንዲታደል፤ በስልክ የሚላከው አጭር መልእክትም ከዚያው ገጽ ቃል በቃል እንዲወሰድ፤ ከኤሌክትሪክ አቅራቢው ጋር በመሆን ሕይወታቸው በመሣሪያ ላይ የተመሠረተ ሕሙማን ተመዝግበው፣ መብራት በዕቅድ ሲቋረጥ የሚጠፋበትና የሚመለስበት ሰዓት አስቀድሞ እንዲደርሳቸው እጠይቃለሁ። ገጹ በየትኞቹ ቋንቋዎች እንደሚዘጋጅ፣ ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች በምን መንገድ እንደሚደርስና ሥርጭቱ መቼ እንደሚጀመር በይፋ ብትገልጹልን ምላሻችሁን በአክብሮት እንቀበላለን።

ከሰላምታ ጋር