«ሕዝቡ ታግሷል» የሚለው ይሰረዝልኝ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ ሪፖርት ላይ ስለሚጻፍ አንድ ቃል

ክቡር ከንቲባ፣

የድሬ ልጅ አንቱ ማለት አይሆንለትም ይባላል። እውነት ነው። እኛ ጋ ሽማግሌውም አንተ ነው። ደብዳቤ ስለሆነ ግን እንደምንም «እርስዎ» እያልኩ ለመጨረስ እሞክራለሁ። መሃል ላይ ካመለጠኝ ከንቀት አይቁጠሩብኝ፣ ያሳደገኝ ሰፈር ነው።

ለገሃር አካባቢ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። ሰሞኑን ስብሰባ ተጠርተን ሄድን። መድረኩን የያዘው ልጅ ስለ ኑሮ ውድነት ተጠየቀ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ክፉ አልተናገረም። «ሕዝባችን ጨዋ ነው፤ ሁኔታውን ተረድቶ ታግሷል» አለ። አጠገቡ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ልጅ ጻፈችው። ወደ ሌላ አጀንዳ አለፉ። ያ ቃል ከወረቀት ወደ ወረቀት እየተገለበጠ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል ብዬ ስለገመትኩ ነው የምጽፈው።

ስንወጣ አንድ ባጃጅ ነጂ ደንበኛዬ «አቦ፣ ይሄ ሕዝብ መቼም አይነሳም» አለኝ። ሳቅኩ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። እውነት አይነሳም?

መጀመሪያ ለምን እንደማይነሳ ልንገርዎ። እኛ ጋ አብዮት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አለ። ጫት ይዘን በርጫ ላይ ስንት መንግሥት ተገልብጧል! ሚኒስትር ይሾማል፣ ዶላር ይወርዳል፣ ስኳር ይረክሳል። ሲመሽ ገራባው ይጠረግና ሁሉም ጫማውን ፈልጎ ቤቱ ይገባል። ነገ ሥራ አለ። ሰኞ ዕቁብ አለ። እኔ አንድ ቀን ብዘጋ የዕቁቤን መጣል አልችልም። ዕቁብ ያለበት ሰው ድንጋይ አይወረውርም። ደግሞ ግርግር ሲነሳ ቀድሞ የሚረግፈው የኔ ቢጤው መስታወት ነው። በዚህ ከተማ ይህን በዓይናችን አይተናል።

ስለዚህ አመፅ እንዲመጣ የምመኝ ሰው አይደለሁም። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። በ1966 እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነኝ። ንጉሡ ወረዱ ብሎ የጨፈረው ሰው ብዙ ሳይቆይ ቀይ ሽብርን አየ። ያንን ያየ ሰው አብዮት አያምረውም።

አባቴ «ንጉሡን የጣላቸው ቤንዚን ነው» ይል ነበር። ከፊሉ እውነት ነው። በየካቲት 1966 አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት ቤንዚን ጨምሮባቸው ነው። መምህራንም በዚያው ሰሞን አድመው ነበር። መንግሥት ደንግጦ ቤንዚኑን ቀነሰ። አልበረደም። ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደግሞ ንጉሡ ራሳቸው።

እኔን ግን ከቤንዚኑ ይልቅ የነገሌ ቦረናው ነው የሚገርመኝ። ጥር 1966 ነው። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ውሃ ነበራቸው፤ ከሱ እንዲቀዳ አልፈቀዱም። ወታደሩ አደመ። ነገሩን እንዲያይ የተላከውን ጄኔራል ያዙና እነሱ የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። ልብ ይበሉ፣ ያኔ ወሎ ላይ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነው። የተራበው አልተነሳም። መንገድ ዳር ወጥቶ ሞተ። የተነሳው ውሃው አጠገቡ እያለ የተከለከለው ነው።

በዋጋ ብቻ ቢሆንማ እኛም ስንት ጊዜ በተነሳን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከመቶ አለፈ። ታይዋን የምንለው ገበያችን ያሉ ነጋዴዎች ብዙም አልደነገጡም፤ እነሱ ድሮም በጥቁር ገበያው ነበር የሚያሰሉት፣ ባንክ ነው ዘግይቶ የደረሰባቸው። ቤንዚንም ሊትሩ ከመቶ ብር አልፏል። ባጃጅ ነጂው ሰልፍ ውሎ ባዶውን ሲመለስ በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ይገዛል። የመንግሥት ሠራተኛ ደሞዝ መጨመሩን አልክድም። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ገብቷል። ግን ጭማሪው ገና ኪስ ሳይገባ እኔ ራሴ ሻይ ላይ ጨመርኩ። ምን ላድርግ፣ ስኳሩም ከሰሉም ጨመረብኝ።

አሁን ወደ ደብተሬ ልምጣ። ባንኮኒዬ ሥር ሽፋኑ በዘይት የወዛ ባለ ሃምሳ ሉክ የዱቤ ደብተር አለ። ትክክለኛ ስም አልጽፍበትም። «ረጅሙ»፣ «ጋሽ መምህር»፣ «ባለ መነጽሯ» እያልኩ ነው የምይዘው። ድሮ ደሞዝ ሲወጣ መስመር ይሰመርበትና ይዘጋል። አሁን የአንዱ ወር ዕዳ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል።

ጋሽ መምህር ማኪያቶ ጠጪ ነበር። ከሁለት ሳምቡሳ ጋር። መጀመሪያ ሳምቡሳው ቀረ። ከዚያ ማኪያቶው ሻይ ሆነ። አሁን አንድ ሻይ ይዞ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ድሮ በሬዲዮ የሰማውን ይዞ ይመጣና ሰውን ሁሉ ሲሞግት ነበር የሚውለው፤ አንዳንዴ ዝም በል እለው ነበር። አሁን ዝም አለ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ነው እንጂ ተረድቶ አይመስለኝም።

ረጅሙ ብየዳ የሚሠራ ልጅ ነው። ስሙ ሥር 340 ብር ላይ ጽሑፉ ቆሟል። አንድ ጠዋት እናቱ መጡ። ብሩን ከነጠላቸው ጫፍ ፈቱና «የልጄን ሰርዝልኝ» አሉኝ። የት ሄዶ ነው አልኩ። በደወሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ወጥቷል። እዚያ ባሕሩ ዳር ኦቦክ ደርሻለሁ ብሎ አንድ ጊዜ ደውሏል፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ብሩን አልቀበልም አልኩ። «ተው ልጄ፣ በዕዳ ባሕር አይሻገርም» አሉኝ። እያዩኝ ሰረዝኩት።

እና ይሄ ልጅ ታግሷል ትለኛለህ? ይቅርታ፣ አመለጠኝ። ታግሷል ይሉኛል? በሪፖርቱ ላይ ከሰላማዊዎቹ ጋር ነው የሚቆጠረው። ድንጋይ አልወረወረም፣ ሰልፍ አልወጣም። ሄደ። እንዲህ መሃል ላይ የቆሙ ስሞች ደብተሬ ላይ አራት ናቸው። ባጃጅ ነጂው አይነሳም ያለው እነሱን ሳይቆጥር ነው። ተነስተዋል እኮ፤ የተነሱት ወደ ባሕሩ ሆኖ ነው።

መንገዱ አምሯል፣ ነጻ የንግድ ቀጠናውም ተከፍቷል፤ ይህን አላጣጥልም። የዶላርና የቤንዚን ነገር በእርስዎ እጅ እንዳልሆነም ይገባኛል። የምለምነው ትንሽ ነው። ስብሰባ ቀትር ላይ አይጠራ። በዚያ ሙቀት ሥራውን ጥሎ የሚመጣው አበል ያለው ነው። ከመግሪብ በኋላ ይሁንና እንምጣ። ስለ ዋጋ የጠየቀ ሰው ስምና ስልኩ አይመዝገብ፤ የሚመዘገበው ጥያቄው ይሁን። የዚያን ቀን ሁለት ሰው እጁን አንስቶ ስም አስመዝግብ ሲባል መልሶ አውርዷል። እና ቃለ ጉባኤው ላይ «ታግሷል» የሚለው ተሰርዞ «አልተናገረም» ተብሎ ይጻፍልኝ።

ሻይ ቤቴ ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈታል። ያለ አጀብ ብቅ ቢሉ ደብተሩን አሳይዎታለሁ፤ ስሞቹን በእጄ እሸፍናቸዋለሁ። ሻዩ በኔ ግብዣ ነው። ዱቤ ግን ለአዲስ ሰው አቁሜያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የለገሃሩ ባለ ሻይ ቤት