ስለ ባልና ሚስት አዝማሪዎች፦ የሚስቲቱም ስም ይጻፍ

ለዝግጅት ክፍሉ

በጎጃም ባልና ሚስት ሆነው ስለሚሠሩ አዝማሪዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ ማሲንቆ መቺውን በስም ጠርቶ ዘፋኟን «ባለቤቱ» ብሎ አልፏታል። ይህ የሥራውን ግማሽ መጣል ነው። ከታዳሚው «ተቀበይ!» ሲባል ስንኙን በአንድ ጊዜ ሰምታ፣ ከምቱ ጋር አስማምታ፣ ወርቁን ሳታፈርስ የምትመልሰው እሷ ናት። ማሲንቆው ራሱ የሚቃኘው ለእሷ ድምፅ ነው፤ ያለችው አንዲት የፈረስ ጭራ አውታር ከድምፅዋ በላይ ከተወጠረች ግጥሙ ጩኸት ይሆናል።

ቀረጻውም ያንኑ ስሕተት ይደግማል። ማይክሮፎኑ ማሲንቆው ፊት ይተከላል፤ እሷ ወደ ታዳሚው ዞር ስትል ስንኙ ይጠፋል። (በክረምት ማሲንቆውም አይተርፍም፤ ቆዳው እርጥበት ስቦ ይላላል፣ ድምፁ ይታፈናል። እሳት ዳር ሳያሞቁት፣ ደጋኑንም እጣን ሳይቀቡ መቅዳት ከንቱ ድካም ነው።)

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች (ለዘፋኞችና ለተጫዋቾች) መብት ሲሰጥ ዘፋኝን ከመሣሪያ ተጫዋች አያሳንስም። ክፍያው በባል ስም ብቻ ሲፈረም ግን፣ ጥንዶቹ ቢለያዩ ወይም ባል ቢሞት፣ የእሷን ድርሻ የሚያስረዳ ወረቀት አይኖርም።

ስለዚህ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶችም ሆኑ ቀራጮች ሁለት ማይክሮፎን ይጠቀሙ፤ አንዱ ለማሲንቆው፣ ሌላው ከልብሷ ላይ። በየቅጂው የሁለቱን ሙሉ ስም፣ ቀበሌውን፣ ቀኑንና ቅኝቱን (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይም አንቺ ሆዬ) ይመዝግቡ፤ ክፍያውንም ለየብቻ አስፈርመው ይስጡ። እናንተም በሚቀጥለው እትም የዘፋኟን ስም አውጡ።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ