ስለ አለመኖሬ ከጋዜጣችሁ አነበብሁ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ጎንደር የትራፊክ መጨናነቅ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ የደገምሁት መጀመሪያ ያየሁትን ማመን ስላቃተኝ ነው። ዘጋቢያችሁ ሚኒባሱን፣ ባጃጁን፣ ሲኖትራኩንና ጋሪውን በየተራ አንሥቷል። እንጨት ጭና ወደ ቅዳሜ ገበያ የምትሄደው አህያ እንኳ አንድ ዓረፍተ ነገር ደርሷታል። ብስክሌት ላይ ሲደርስ ግን «ከተማዋ ዳገታማ በመሆኗ ብስክሌት የሚነዳባት ሰው የለም» ብሎ አልፏል። እኔ ከአዘዞ ፒያሳ አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤቴ በብስክሌት ስመላለስ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

ዳገቱን አልክድም። ይሁን እንጂ የከተማዋ መካከል ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ሲሆን አዘዞ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ልዩነቱ በመካከላቸው ላለው የ12 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቢከፋፈል ለየመቶ ሜትሩ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ዳገት አይደርሰውም። መንገዱ እንዲህ እኩል ተከፋፍሎ እንዳልተሠራ አውቃለሁ፤ ወደ ፒያሳ ሲቃረብ ቀጥ ስለሚል እዚያ ወርጄ እገፋለሁ። ባሕር ዳር ሜዳ በመሆኗ ለብስክሌት መመቸቷን ማንም አይክድም፤ ነገር ግን በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ብስክሌተኞችን ሜልቦርን ድረስ የላከችው ይህችው ተራራማ አገር መሆኗን ዘጋቢያችሁ ቢያስታውስ ምን ነበረበት?

እኔን የሚያስጨንቀኝ ቁልቁለቱ ነው። ማታ ወደ አዘዞ ስወርድ ብስክሌቱ በራሱ ይፈጥናል፤ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ቸርኬው ስለሚርስ የፍሬኑ ጎማ ጨብጦ አይዝም። ከፊቴ ካለው ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ አለ!» የሚል ድምፅ ሲወጣ፣ ሹፌሩ ፍሬቻ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ታጥፎ እንደሚቆም ስለማውቅ፣ ከእርሱ ቀድሜ ፍሬን እይዛለሁ። ዘጠኝ ዓመት ያዳነኝ ጆሮዬ ነው። ዝናብ ሲጥል ግን የባጃጁ ሸራ ይዘጋል፤ ድምፁም አይሰማም። አምና ሰኔ ላይ እንዲህ ባለ ምሽት ከባጃጅ ኋላ ተላትሜ ወደቅሁ፤ የአርባ ተማሪዎች የፈተና ወረቀት አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሹፌሩ ወርዶ መጀመሪያ ያየው የኋላ መብራቱን ነበር፤ ቀጥሎ «ዳር አትይዝም?» አለኝ። የያዝሁት ዳሩን ነበር፤ እርሱም የመጣው ወደዚያው ነው።

በሥራ ቦታዬም ቢሆን የሚሻል ነገር አልገጠመኝም። ዘበኛው «የመኪና ማቆሚያ እንጂ የብስክሌት የለንም» ስላለኝ ብስክሌቴን በር ላይ ካለች ሻይ ቤት እስክወጣ አቆያለሁ፤ የሻይ ቤቷ እመቤት ግን ስለ መኖሬ አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም። ነዳጅ ጠፍቶ ባጃጆች ማደያ በር ላይ በተሰለፉበት ማለዳ ሰዓቴን ጠብቄ ክፍል የምገባው እኔ ነኝ። በዚያ ቀን ባልደረቦቼ ዳገቱን አያነሡብኝም።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩም «ብስክሌት የሚነዱ ሰዎች አሉ፤ መንገዱ ግን ቦታ አልሰጣቸውም» ቢባል ይበቃኛል። ዘጋቢያችሁ በዓይኑ ማየት ከፈለገ ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት በ1 ሰዓት ከአዘዞ እነሣለሁ። አፈናጥጬ እወስደዋለሁ፤ ፒያሳ ስንቃረብ ግን ወርዶ ይገፋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር