ስለ ታይሮን ሉ ለአባላት

ውድ አባላት፣

ተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጥ ለከበዳችሁ ሁሉ የታይሮን ሉን ጉዞ ላስታውሳችሁ። በኤንቢኤ (በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) 11 ዓመት ሲጫወት 7 ክለቦችን ቀያይሯል። ሰው የሚያስታውሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2001 የፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ የተጋጣሚው የፊላደልፊያ ኮከብ አለን አይቨርሰን አስቆጥሮበት፣ መሬት ላይ በወደቀበት ተራምዶት ሲያልፍ ነው። ይህ ሁልጊዜ ይከነክነኛል፤ ዋንጫውን ያነሳው እኮ የሉ ቡድን ሌከርስ ነበር!

እ.ኤ.አ. በ2016 የውድድር ዘመኑ መሀል ላይ የክሊቭላንድ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። እስከ ሰባት ጨዋታ በሚደረገው ፍጻሜ በጎልደን ስቴት በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 ተመርተው 4 ለ 3 አሸነፉ፤ በፍጻሜ ይህን ያደረገ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ጨዋታው ሲያበቃ ሉ ወንበሩ ላይ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ።

ከመጪው ልምምድ በፊት የዚያን ፍጻሜ ሰባተኛ ጨዋታ የመጨረሻ ደቂቃዎች ተመልክታችሁ ኑ፤ አብረን እንወያይበታለን።