ኑሮ ሲከብድ አምሮ መልበስ ቅንጦት አይደለም

ይድረስ ለክቡር አዘጋጅ፣

«ኑሮ በከበደበት ጊዜ ስለ አለባበስ መጨነቅ ቅንጦት ነው» የሚለውን አስተያየት በጋዜጣችሁ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ልብስ ሰፊ ነኝ። ኑሮ ሲወደድ ሰዎች አሮጌ ልብሳቸውን ጠቅልለው ሲመጡ ምን እንደሚፈልጉ ከአፋቸው እሰማለሁ። ልታይ ልታይ ለማለት የሚመጣው ጥቂት ነው። ተበድሮ የሚለብስ የለም አልልም፤ አብዛኛው ግን ሰው ፊት ሳይሸማቀቅ መቆም ነው የሚፈልገው።

በቅርቡ አንድ ወጣት ነጭ ሸሚዝ ይዞ መጣ። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቷል፤ ለዚያ የሚሆን ሌላ ሸሚዝ የለውም። ኮሌታው እጥፋቱ ላይ ተበልቶ ክሩ ተተልትሏል፤ የቀረው የሸሚዙ ክፍል ግን ገና ጠንካራ ነው። ስፌቱን በጥንቃቄ ተርትሬ ኮሌታውን አነሳሁት። ገልብጬ፣ ያልተነካውን ፊት ወደ ላይ አድርጌ፣ በዚያው በቀድሞው መስመር መልሼ ሰፋሁት። የተበላው ከሥር ተደበቀ። አዲስ ጨርቅ አንድ ስንዝር እንኳ አልገባበትም። ልጁ ለብሶት መስታወት ፊት ሲቆም አንገቱን ቀና አደረገ። ይህ ነው ቅንጦት የተባለው?

ከእኛ በፊት የከፋ ጊዜ ያዩ ሰዎችም አለባበሳቸውን አልተዉም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1949 ልብስ የሚገዛው በኩፖን ነበር። መጀመሪያ ላይ ለአንድ አዋቂ የዓመት ድርሻው 66 ኩፖን ሲሆን አንድ የሱፍ ቀሚስ ብቻውን 11 ይወስዳል። መንግሥት ታዲያ «መልካችሁን እርሱት» አላለም፤ አሮጌ ልብስ እንዴት እንደሚታደስ የሚያስተምር ጽሑፍ አሳትሞ አከፋፈለ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት እናቶች ከዱቄትና ከመኖ ከረጢት ለልጆቻቸው ልብስ ይሰፉ ነበር። ፋብሪካዎቹ ይህን ሲያዩ ከረጢቱን በአበባ ጥለት ማተም፣ የድርጅታቸውንም ስም ታጥቦ በሚለቅ ቀለም መጻፍ ጀመሩ። ከረጢት ቀዶ ለሚለብስ ሰው እንኳ ጥለቱ ግድ ይሰጠው ነበር ማለት ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ኪሱ የሳሳ ሰው ርካሽ አዲስ ልብስ እየገዛ እንዲጥል መመከሩ። እባካችሁ ልብስ ስትገዙ ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። በስፌቱ ዳር የአውራ ጣት ስፋት ያህል ትርፍ ጨርቅ ከተተወለት፣ ሰውነት ሲወፍር ይሰፋል። የእግሩ ጫፍ በደንብ የታጠፈ ሱሪም ልጅ ሲያድግ ይለቀቃል። ትርፉ እስከ ስፌቱ ድረስ የተከረከመውን ልብስ ግን እኔም ሆንኩ ሌላ ሰፊ ልናድነው አንችልም። ጨርቁ ስስ ከሆነ ደግሞ መርፌ እንኳ አይችልም። እንዲህ ያለውን ሲያመጡልኝ «አይሆንም» ብሎ መመለስ ይከብደኛል፤ በተለይ የከፈሉበትን ገንዘብ በምን ድካም እንዳገኙት ሲነግሩኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። የፋሽን ዓምዳችሁ ሁልጊዜ የሚያሳየን አዲስ ልብስ ነው። ከዚያው ገጽ ላይ አንድ ጥግ ልብስ ለማደስ ስጡ፤ መጣፍ፣ ማጥበብ፣ ገበር መቀየር፣ የደበዘዘውን ቀለም መንከር። አንባቢ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሊሠራው የሚችለው ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ጽሑፍ፣ እንዳይበጠስ አድርጎ ቁልፍ ስለ መትከል፣ ያለ ክፍያ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ልብስ ሰፊ