ለሦስት ዓመት የጨመርኩት ብር ዋናውን ብድር አልነካም ነበር

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ ነው። ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ባለቤቴ በደሴ–ኮምቦልቻ መስመር ሚኒባስ ይነዳል። በሰኔ 2017 የኮንዶሚኒየም ቤታችንን የባንክ ዕዳ ከፍለን ጨረስን፤ ዕዳ የለባችሁም የሚለውን ወረቀት፣ ክሊራንሱንም፣ በእጃችን ተቀበልን። በውሉ መሠረት ማለቅ የነበረበት በ2028 ነው። የምጽፍላችሁ ግን መሀል ላይ የደረሰብኝ ነገር ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው።

ውሉን የፈረምነው መስከረም 2008 ላይ ነበር። ቅድሚያውን ከፍለን 160,000 ብር በ9.5 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት ተበደርን። የወር ክፍያችን 1,491 ብር ሆነ። የመጀመሪያውን ደረሰኝ ይዤ ቤት ስገባ፣ ከዕዳችን ላይ 1,491 ብር የተነሳ መስሎኝ ነበር። ያኔ 10ኛ ክፍል የነበረችው ልጄ ካልኩሌተር ይዛ ቁጭ አለች። 160,000 በ9.5 በመቶ ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 1,267 ብር ይመጣል። እሱ ሁሉ የወለዱ ነው። ከዋናው ብድር፣ ማለት ከተበደርነው ብር ላይ፣ የቀነሰው 224 ብር ብቻ። ያን ቀን ማታ እራት አልበላሁም።

በነጋታው ልጄ ሌላ ስሌት ይዛልኝ መጣች። በየወሩ 500 ብር ብንጨምር 20 ዓመቱ ወደ 10 ዓመት ከ9 ወር ገደማ ይወርዳል። ከወለዱም ከ100,000 ብር በላይ ይቀርልናል። ወለድ የሚታሰበው በቀረው ዋና ብድር ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከዋናው ላይ የተነሳ ብር ከዚያ በኋላ ወለድ አይወልድም።

500 ብር ለኛ ቀላል አልነበረም። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ላይ ምሳ መብላቱን ትቶ ምሳ ዕቃ ይዞ መውጣት ጀመረ። ሥጋ ለበዓል ብቻ ሆነ። ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ይበዛልኛል፤ እስከ እኩለ ሌሊት እሰፋለሁ። የዚያን ጊዜ ገቢና ከሰፊዎቹ ጋር የገባሁበትን ዕቁብ ለዕዳው አዋልኩት። ልጆቼ አዲስ ጫማ ሳያደርጉ ያለፉበት እንቁጣጣሽ ነበር። ይሄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

500 ብሩን ከ2009 ጀምረን ለሦስት ዓመት ሳናቋርጥ ጨመርን። በ2012 ምን ያህል እንደቀረን ልጠይቅ ወደ ባንኩ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለው የባንኩ ሠራተኛ ኮምፒውተሩን አየና ፈገግ አለ። «እትዬ፣ እርስዎማ ጎበዝ ነዎት፤ የ12 ወር ክፍያ ቀድመው ከፍለዋል» አለኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ የጨመርኩት 18,000 ብር ከዋናው ላይ አልተቀነሰም። ለሚመጡት ወራት ክፍያ ተብሎ ተቀምጧል። ወለዱ እንደ ድሮው በሙሉ ሲታሰብ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ መስኮቱ ጋ ቆሜ «ጨምሬ ልክፈል» እላለሁ፤ ገንዘቡን ይቀበሉኛል፤ ለየትኛው እንደሆነ አንድም ሰው አልጠየቀኝም። እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅሁም። ኃላፊው በማመልከቻ ጠይቂ አለኝ። ጻፍኩ። ብሩ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ዋናው ዞረ። ያለፈው የሦስት ዓመት ወለድ ግን አልተመለሰልኝም።

ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ደሴ ደረሰ። ልጆቻችንን ይዘን ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። በታኅሣሥ ስንመለስ ቤቱ ቆሟል፤ የስፌት ማሽኖቼ ግን የሉም። አራት ወር መክፈል አቃተን፤ ወለዱ ግን ይቆጥር ነበር። አንድ ነገር የገባኝ ያኔ ነው። ለዋናው የገባ ብር ሲቸግር ተመልሶ አይወጣም። ከዚያ ወዲህ የሦስት ወር ክፍያ ለብቻው አስቀምጬ ነው የተረፈውን ለዕዳው የማስገባው። ቀድሞ ለመክፈል የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ይህችን ይያዝ እላለሁ።

ነጋዴው ወንድሜ በሐሳቤ አልተስማማም ነበር። «ብር በየቀኑ እየረከሰ በ9.5 በመቶ ዕዳ ምን ያስቸኩልሻል? ዕቃ ግዢበት» ይለኛል። እውነት አለው። በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የጨርቅና የክር ዋጋ ሲንር በዓይኔ አይቻለሁ። ግን እሱ መጋዘን አለው። እኔ ያለኝ ሁለት ማሽንና እጄ ነው። በ2014 ደብረ ብርሃን ሰው ቤት ተጠግተን ስናድር እንቅልፍ የነሳኝ የዕቃ ዋጋ አልነበረም። ቤቱን ባንኩ ይወስድብን ይሆን የሚለው ነበር።

ባንኮቻችንን አንድ ነገር እለምናለሁ። በገቢ ማድረጊያው ወረቀት ላይ «ለዋናው ብድር ተቀናሽ» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩልን። ደንበኛ ከወር ክፍያው በላይ ይዞ ሲመጣ ለየትኛው እንደሆነ ጠይቁት። ተበዳሪዎችም ቀድሞ ለሚከፍል ቅጣት ይኖረው እንደሆነ ውላችሁን አንብቡ። በየስድስት ወሩ የብድር ስቴትመንታችሁን አስወጥታችሁ የዋናውን ቀሪ እዩ። የወሩን ክፍያ ብቻ ማየት አይበቃም።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ 3,000 ብር ይዛ ወደ ባንክ ልትሄድ ስትል አስቆምኳት። ማመልከቻዋን ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አብረን ጻፍን። ከሰዓት በኋላ ማህተም ያረፈበትን ኮፒ ይዛ መጥታ አሳየችኝ።

አንባቢያችሁ
ከደሴ፣ ሸዋ በር