የፊልም ክበብ፦ በአንድ ፊልም ስንከራከር የከረምንበት ዓመት

የፊልም ክበብ ዘንድሮም ከትምህርት ሰዓት በኋላ ሲሰበሰብ ከርሟል። ፕሮጀክተሩ አልፎ አልፎ ያኮርፋል፤ ድምፅ ማጉያው ግን ተጠግኗል። አዲስ አባላት ገብተዋል። ጥቂቶች ወደ ስፖርት ክበብ ሄደዋል፤ መንገዳቸው ይቅናቸው። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አጫጭር ዘጋቢ ፊልሞችን አየን። ስለ ካሜራ አቀማመጥና ስለ ኤዲቲንግም መሠረታዊውን ነገር ተማማርን። ከዚያ በላይ የሚወራ የለውም። የዓመቱ ወሬ ያለው ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ላይ ነው፤ ያውም በአንድ ፊልም የተነሳ።

ፊልሙ «ሳይፈር» ይባላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ እርስ በርስ ስለሚሰልሉ ሁለት ግዙፍ ኩባንያዎች ነው። ድርሰቱ የብራያን ኪንግ ሲሆን ዳይሬክተሩ ቪንቼንዞ ናታሊ ነው። ጄረሚ ኖርዛምና ሉሲ ሉ ይተውኑበታል። ለትልልቆቹ ክፍሎች ብቻ ነው ያሳየነው፤ ለታዳጊ የማይሆኑትን ቦታዎች አሳልፌ። መጨረሻውን እዚህ እናገራለሁና፣ ፊልሙን ለማየት ያሰበ ሰው ወደ ሌላው ክበብ ዘገባ ቢሻገር ይሻለዋል።

ሞርጋን ሱሊቫን ኑሮው የሰለቸው ሰው ነው። ዲጂኮርፕ የተባለ ኩባንያ በሰላይነት ይቀጥረዋል። ጃክ ተርስቢ የሚል ስም ተሰጥቶት ከከተማ ከተማ እየዞረ ስብሰባ ይካፈላል፣ ንግግሮችን በድብቅ ይቀዳል። ራሱን ማመም ይጀምረዋል፣ ይቃዣል። ሪታ የምትባል ሴት ቀርባ ስብሰባው ሽፋን መሆኑን ትነግረዋለች። ለካ እዚያ የሚመጡት ሰዎች አእምሯቸው እየታጠበ ነው። ከዚያ ሰንዌይስ የተባለው ተቀናቃኝ ኩባንያ ደርሶበት መልሶ ለራሱ ያሰልለዋል። ሰውየው በሁለቱ መካከል ይናጣል። መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም የሚፈራው ስውሩ ሰላይ ሴባስቲያን ሩክስ ራሱ ሱሊቫን ሆኖ ይገኛል። ኩባንያዎቹ ሰላይ የሚለዩበትን ምርመራ ለማለፍ ብሎ የገዛ ትዝታውን አስፍቆ ኖሯል፤ ሪታም ዕቅዱን የምታውቅ ተባባሪውና ፍቅረኛው ናት።

ፊልሙ እንዳለቀ ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አሪፍ ነው» አለ፣ ግማሹ «ደባሪ ነው»። እኔ ደግሞ አንድ ሕግ አወጣሁ። አስተያየት የሚሰጥ ሰው አንድ ትዕይንት መጥቀስ አለበት። ትዕይንት የሌለው አስተያየት አይመዘገብም። መጀመሪያ አጉረመረሙ። በኋላ ግን ከእኔ በላይ ሕጉን የሚያስከብሩት እነሱ ሆኑ።

«ደባሪ» ካሉት አንዱ ከኋላ ወንበር ተነሳ። «ቲቸር፣ ሰላይ ነው ብላችሁን ሰውዬው ተቀምጦ ስለ መላጫ አረፋ ንግግር ይሰማል። ይሄ ምን ስለላ ነው?» ሳቅ በሳቅ ሆንን። ከፊት የተቀመጠች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን አልሳቀችም። «ማሰልቸቱ እኮ ሆን ተብሎ ነው» አለች። ንግግሩ የተዘጋጀው ማንም ልብ ብሎ እንዳይሰማው ነው፤ ከዚያ መብራት ይጠፋል፣ ሰዎች ገብተው በተሰብሳቢው ራስ ላይ መሣሪያ ይጭናሉ። እንደ እሷ አባባል እኛም እንደ ተሰብሳቢዎቹ ደንዝዘን እንድንጠብቅ ነው የተፈለገው። በጣም ነቄ አስተያየት ነበር። ልጁም «እሺ፣ ግን አሁንም ረዝሟል» ብሎ ተቀመጠ። እኔ በበኩሌ ከሁለቱም ጋር እስማማለሁ።

የመላጫ አረፋው ነገር ግን በዚያ አላበቃም። ሌላው «ለመሆኑ በሳሙናና በአረፋ የሚሰልል ኩባንያ አለ? ስለላ የሚሆነው ለጦር መሣሪያ ነው» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት እውነተኛ ታሪክ ይዤ መጣሁ። በ2001 እ.ኤ.አ. ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ስለ ተፎካካሪው ዩኒሊቨር የፀጉር ምርቶች መረጃ ሲያሰበስብ እንደነበር ታወቀ። የተቀጠሩት ሰዎች የዩኒሊቨርን ቆሻሻ ሳይቀር በርብረዋል። ነገሩን ለዩኒሊቨር የነገረው ራሱ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነው። ጉዳዩም በስምምነት ተዘጋ። ሻምፖ ነው እንግዲህ! በ2006 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኮካ ኮላን ምስጢር ለፔፕሲ ሊሸጡ የሞከሩ ሰዎች ተያዙ። ፔፕሲ የደረሰውን ደብዳቤ ለኮካ ኮላ አሳልፎ ሰጥቶ ነው የተያዙት። ይህን ስናገር ክፍሉ ውስጥ ጸጥታ ሆነ፤ ከዚያ አንዱ «ስለዚህ ፊልሙ ላይ ያሉት ኩባንያዎች ከእውነተኞቹ የባሱ ናቸው» አለ። ፊልሙ ውስጥ እንደ ፔፕሲ አደራረግ ያደረገ አንድም ወገን የለም። ከዓመቱ አስተያየቶች ውስጥ ይህንን እወደዋለሁ።

ትልቁ ክርክር በመጨረሻው ላይ ነበር። ሂሳብ የሚወድ አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ሠራ። ወደ ታች ትዕይንቶቹን ጻፈ። ወደ ጎን ደግሞ ዲጂኮርፕ፣ ሰንዌይስ፣ ሪታ፣ ሱሊቫን፣ ተመልካች ብሎ ከፈለ። በየሳጥኑ «በዚህ ሰዓት ምን ያውቃል?» የሚለውን ሞላ። የሪታ ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ሆነ። የሱሊቫን ዓምድ እስከ ፊልሙ ማብቂያ ድረስ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የእኛም ዓምድ ያው እንደ እሱ። «ለዚህ ነው የተሸወድነው። ፊልሙ እኛን ከእሱ ጋር ነው ያሰረን» አለ። ሌላው ወዲያው ሠንጠረዡ ውስጥ ቀዳዳ አገኘ። ሰውየው ሁሉን ረስቶ ሳለ ዕቅዱ እንዲሳካ ሪታ አንድም ጊዜ መሳሳት የለባትም። «ይህን ያህል ዕድለኛ ሰው የለም» አለ። ልክ ነው። እንዲህ ያለ ዕቅድ ሲነገር ያምራል እንጂ ሲሠራ አያምርም። እኔ ግን ፊልሙን ስላየሁ አልተቆጨሁም።

በዚህ መሐል አንዲት ተማሪ ስለ ሪታ ቅር ያላትን ተናገረች። ሁሉን የምታውቀው ሪታ ናት፣ ለራስ ምታቱና ለቅዠቱ መድኃኒት የምትሰጠው እሷ ናት፣ አደጋው ውስጥ የምትገባውም እሷ ናት። ሆኖም ፊልሙ የማን ታሪክ ነው? የሰውየው። ያ ሁሉ ልፋት እሷን የሚመለከት መረጃ ለማጥፋት እንደነበር መጨረሻ ላይ ይነገረናል፤ እሷ ስለዚህ ምን እንደሚሰማት ግን ብዙም አናይም። ወንዶቹ «ፍቅር ነው እኮ» ብለው ሊከላከሉ ሞከሩ። «ፍቅር ከሆነ አንድ ትዕይንት ጥቀሱልኝ» አለቻቸው በራሴው ሕግ። አንድ ትዕይንት ጠቀሱ፣ ሁለተኛ ግን አጡ።

ስለ ኮምፒውተር ምስሎቹ ብዙ አልተጨቃጨቅንም። አርጅተዋል። ዛሬ ስልክ ላይ ያለ ጌም ይበልጣቸዋል። ከመሬት በታች ያለው የመረጃ ግምጃ ቤት ግን አሁንም ያስፈራል፤ ሊፍቱ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ አያልቅም።

ፊልሙን ደግመን ያየነው በአንድ ዝምተኛ ልጅ ምክንያት ነው። «ቀለሙን አያችሁት?» አለ። አላየነውም ነበር። ሁለተኛ ዙር ስናየው መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር አመድ መስሎ፣ ጥቁርና ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሰውየው ማንነቱ እየተመለሰ ሲሄድ ቀለሙም አብሮት ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ባሕሩ ሰማያዊ ነው። ኖርዛምም ከዚያ ጋር አብሮ ይለወጣል። አቋቋሙ፣ አነጋገሩ፣ የሚመርጠው መጠጥ ሳይቀር ቀስ በቀስ የሌላ ሰው ይሆናል። መጨረሻው አስቀድሞ ከታወቀ ፊልሙ ያልቅለታል ይሉ የነበሩት ልጆች ይህን ሲያዩ አፋቸውን ያዙ። እኔ እንዲያውም ይህ ፊልም የሚጣፍጠው ሁለተኛ ጊዜ ነው ባይ ነኝ። ከአባላቱ ግማሾቹ አሁንም አይስማሙም። አስተያየቶቹ ከነትዕይንታቸው በክበቡ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈዋል፤ የተቃዋሚዎቹ ወረቀት ይበዛል።

የክበቡ ሊቀ መንበር ዘንድሮ ትመረቃለች። ጸሐፊው ቦታዋን ይረከባል። ለሚቀጥለው ዓመት አባላቱ ሁለት ነገር ወስነዋል። ፊልም የሚያቀርብ ሰው ተመልካቹ ልብ ሊለው የሚገባውን ነገር በአንድ ገጽ ጽፎ ይመጣል። ፊልሙን አስቀድሞ ያየ ደግሞ እስኪያልቅ ድረስ ከኋላ ይቀመጣል፣ አይናገርም፣ አያፏጭም፣ ጓደኛውንም በክርኑ አይጎሽምም። የመጨረሻዋ ሐረግ የተጨመረችው በጸሐፊው ጥያቄ ነው፤ ማን እንደጎሸመው ሊናገር አልፈለገም።